«ጨርቄን አልጣልኩም»፦ በጎጃም የአእምሮ ሕመም ታሪክ በጥልፍ፣ በዜማና በዕቃ ቢሰበሰብስ?

የእትዬ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እትዬ ነበር የምላት። ታማሚ ነበረች። የሕመሟን ስም በሰፈሩ የሚያውቅ አልነበረም። የሚታወቀው አንድ አባባል ነው፦ «ጨርቋን የጣለች»። ደህና በሆነችበት ወራት የሷን ጠላ የሚያህል አልነበረም። ሲነሳባት ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ትጠልፋለች። ነጠላ፣ የትራስ ልብስ፣ የዱቄት ከረጢት፣ እጇ የገባውን ሁሉ። የምትጠልፈው መስቀል አይደለም፣ አበባም አይደለም። ቤት ነው። በር ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ነው። ከሥሩ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ትደረድራለች።

አንድ ቀን ጎረቤት በአጥሩ በኩል ስታማት ሰማቻት። ቀና አለችና «እኔ ጨርቄን አልጣልኩም። ጠለፍኩት እንጂ» አለቻት። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቅኔ ይሁን ሕመም አልገባኝም ነበር። አሁንም መለየት ይቸግረኛል።

ስትሞት ዘመድ ተሰብስቦ ጨርቆቿን አቃጠለ። ክፋት አልነበረም። «በሽታው ለልጅቷ እንዳይተርፍ» ብለው ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። ሳትጨርሳት የቀረች አንዲት ጨርቅ ብቻ ከጎታ ሥር ተገኘች።

በዚያች ጨርቅ ሰበብ አሁን አራት ሆነናል። እኔ፣ አንድ የሥዕል መምህር፣ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ። ድርጅት አይደለንም፤ ማኅተምም የለንም። በጎጃም ሰው አእምሮው ሲታወክ ምን አለ፣ በእጁ ምን ሠራ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን ተደረገበት? ይህን ሰብስበን በተውሶ አዳራሽ ለማሳየት አስበናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የታመሙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው አንድ ትልቅ ጨርቅ ላይ አብረው ይጠልፋሉ። እስካሁን ሰባት ሰው መጥቷል። ሁለቱ ቡናውን ብለው ነው፤ ይሁን።

እናንተ ቤት ምን ተርፏል? ምን ይሰብሰብ? ምንስ ባይነካ ይሻላል?

ቡሬ ዳሞት

እህቴ፣ ልብሽ ጥሩ ነው። ግን ልናገር።

ወንድሜ ታሟል። ያላገቡ ሦስት እህቶች አሉኝ። እዚህ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። «እነሱ ቤት የሚያመው አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንቺ አዳራሽ ከፍተሽ ልትሰቅይው ነው። ታሪክ ነው ብለሽ። ለኛ ታሪክ አይደለም። ዛሬ ማታ እራት የምናቀርብለት ሰው ነው።

የእትዬ ልጅ

እውነትህን ነው፣ ወንድሜ። ባለቤቱ ካልፈለገ ስም አይወጣም፣ ፎቶም አይወጣም። ከየት ቀበሌ እንደመጣ እንኳ አንጽፍም። የቤተሰብ ፈቃድም ብቻውን አይበቃም ብለናል፤ የታመመው ራሱ ይጠየቃል። ግን ያልከው በዚህ ብቻ እንደማያልቅ አውቃለሁ።

የሞጣዋ

ከኛ ቤት የተረፈው ድምፅ ነው። አያቴ ወፍጮ ላይ የምታንጎራጉረውን በስልክ ቀድቼዋለሁ። ሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ እንጉርጉሮው አብሮ ቀርቷል። ሴት ልጅ ባሏን፣ አማቷን፣ የሞተባትን ልጅ፣ ሁሉን የምትናገረው ሌሊት ድንጋዩ ላይ ነበር። ድንጋዩ ስለሚጮህ ማንም ሰማሁ አይልም። ሰምቶም እንዳልሰማ ይሆናል። አያቴ አራት ልጆች ቀብራለች። አንዷ ግጥሟ ይቺ ናት፦

ድንጋይ ወፍጮ አይደክም፣ ሰው ነው የሚያልቀው፤
እህሉን እኔ ፈጨሁ፣ እኔን ማን አደቀቀው?

ይሄ የአእምሮ ጤና ቅርስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቀረጻው የሃያ ደቂቃ ያህል ነው። መሃል ላይ ዶሮ ይጮሃል፤ እንዳትቆርጡት።

ዘዋሸራ

ስለ ቅኔ ቤት ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። ጎጃም ተብሎ ቅኔ ቤት ሳይነሳ!

እኔ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ ምስክሬ ነው። ተማሪ ሲታመም የሚሰጠው ምክንያት ሁሌ አንድ ነው፦ «አብሾ ጠጥቶ ነው»። ትምህርት እንዲገባው፣ ያነበበው እንዳይጠፋው የሚጠጣ ቅጠል ነው ይባላል። ልኩን ካለፈ አእምሮ ያዞራል። ከዚያ በኋላ ሰውየው አረቄ በቀመሰ ቁጥር «አብሾው ተነሳበት» ይባላል። ስንቱ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ በረሃብ፣ በብርድ፣ በእንቅልፍ ማጣትና በናፍቆት እንደታመመ ማን ቆጠረ? አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ በአንዲት ደበሎ ክረምቱን የሚያሳልፍ ልጅ! ቢታመም ምን ይገርማል? ግን አብሾ ማለት ይቀላል። ከነውርም ያድናል። የታመመው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን አዋቂ ለመሆን ቸኩሎ ነው ይባልለታላ።

ከጓደኞቼ መሃል የታመመ አንድ ልጅ ነበር። ሲነሳበት የሚቆጥረው ቅኔ ደህና ሆኖ ከሚቆጥረው ይበልጥ ነበር። የኔታ ራሳቸው «ጻፉለት» ይሉን ነበር። አልጻፍንለትም። ያስቀን ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ ይብቃኝ።

አንድ እንግዳ

እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል አሉ። 😂

የመድረኩ ጠባቂ

ተረቱን አንሰርዘውም፣ ተረት ነው። ከዚያ ካለፈ ግን መልሱ ይነሳል።

የመሪጌታ ልጅ

አባቴ ደብተራ ነበሩ። ክታብ ይጽፉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሥራውን እንደማትወደው አውቃለሁ፤ አባቴም ያውቁ ነበር። እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ስለ ዕቃው ብቻ ልንገራችሁ።

ጥቅልሉ ከብራና ነው የሚሠራው። ብዙ ጊዜ ቁመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል ነው። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ነው ሐሳቡ። ቆዳው ስለማይበቃ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይሰፋበታል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፣ የተመረጠው ስም በቀይ። መሃል መሃል ጠልሰሙ ይሣላል። ዓይን፣ ዓይን፣ አሁንም ዓይን። የሚያየውን መንፈስ መልሶ እንዲያየው ነው። የባለቤቱ ክርስትና ስም ጸሎቱ መሃል ይገባል፦ ለአገልጋይህ ለእገሌ፣ ለአገልጋይህ ለእገሊት። ሴቶች ብዙ ያስጽፉ ነበር። ልጅ እየሞተባቸው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ደረታቸውን ጨንቋቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥቅልሉ ማለት የአንድ ሰው ጭንቀት በቁመቱ ልክ ተለክቶ የተጻፈበት ነው። ዛሬ ብዙው ያለው አውሮፓና አሜሪካ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ውስጥ ነው። ቱሪስት በትንሽ ብር ገዝቶት ሄደ። አንዳንዱ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም ተጽፎበታል። ብራና ውድ ስለነበር ተወርሷል ማለት ነው። የሴትዮዋ ሕመም የማን ቅርስ ነው? የልጆቿ? የሙዚየሙ?

የአባቴ አንድ ጥቅልል ቤት አለ። ያስጻፈችው ሴት ሳትወስደው ቀርታ ነው። ስሟ ያለበትን ቦታ አጥፌ ማሳየት እችላለሁ። ማታ ማታ ግን እናቴ ጋ ይመለስ፤ ያለዚያ አትሰጠኝም።

ነርሷ (ፍኖተ ሰላም አካባቢ)

ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ። አንድ የተረሳ ነገር አለ፤ መንገዱ።

አማኑኤል ሆስፒታልን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፣ በወረራው ዘመን። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ለጎጃም ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ የዓባይ በረሃ ነው። ከገጠር የሚመጣው ደግሞ አውቶቡስ ለማግኘት መጀመሪያ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ መውጣት ነበረበት።

አንዲት እናት የነገሩኝን ልጻፍ። ልጃቸውን በሁለት አጎቶቹ መሃል አስቀመጡት። እጁ በነጠላ ታስሯል። ነጠላው እንዳይታይ ጋቢ ደረቡበት። ተሳፋሪው ሁሉ ግን ያውቃል። ማንም አልተናገረም። ደጀንን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀመር ልጁ መጮህ ጀመረ። ሾፌሩ አቆመ። እናትየው «አወረደን» ብለው ጨነቃቸው። ሾፌሩ ግን ወርዶ፣ ውሃ አምጥቶ፣ ፊቱን አጥቦለት መንገዱን ቀጠለ። እሳቸው ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያስታውሱት ሐኪሙን አይደለም፤ ያንን ሾፌር ነው። ትኬቷን እስከ ዛሬ ከመቁጠሪያቸው ጋር በአንድ ከረጢት ያስቀምጧታል።

የአእምሮ ጤና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ እዚያው አማኑኤል። ሕክምናው ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት የቻለው በነሱ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞች አገር ውስጥ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረግ የጀመሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ትናንት ማለት ነው። ዛሬ ማርቆስም ባሕር ዳርም አገልግሎቱ አለ። መንገድ ሲዘጋ ግን መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሲቋረጥ የሚመጣውን የምናውቀው እኛ ነን።

ስለዚህ ልመናዬ፦ ያረጁ የቀጠሮ ካርዶችን አትጣሉ። የአውቶቡስ ትኬት ካለም አትጣሉ።

ከዲያስፖራ (ጀርመን)

የማርቆስ ልጅ ነኝ። የእትዬን ታሪክ ሳነብ ያየሁት አንድ ጃኬት ትዝ አለኝ።

ሃይደልበርግ ውስጥ ፕሪንዝሆርን የሚባል ስብስብ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት በአእምሮ ሆስፒታል የነበሩ ሰዎች የሠሩት ሥዕልና የእጅ ሥራ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አግነስ ሪክተር የምትባል ታማሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 አካባቢ የሠራችው ጃኬት አለ። ከሆስፒታሉ ሸካራ ጨርቅ ሰፍታዋለች። ከዚያ ውስጡንም ውጪውንም በክር ጽፋበታለች። ራሷ ለብሳው ስለነበር ጽሑፉ ተሸርሽሯል። ብዙው አይነበብም። ቆሜ ሳየው ያሰብኩት እኛ ቤት ቢሆን ተቃጥሎ ነበር ብዬ ነው። የእትዬን አላውቅም ነበር ያኔ።

ግን ቅናት ብቻ አልያዘኝም። ሰውየው ሰብሳቢው ሐኪም ነበር፤ ሥራውን የሠሩት ሰዎች አልተጠየቁም። እናንተ በመጠየቅ መጀመራችሁ ትልቅ ነገር ነው።

የሥዕል መምህሩ

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የቆየሁት አንድ የፈረስ ታሪክ ይዤ ነው። ትሪየስቴ፣ ጣሊያን፣ እ.ኤ.አ. 1973። የአእምሮ ሆስፒታሉ ታማሚዎች ከአርቲስቶች ጋር ሆነው ከእንጨትና ከወረቀት አንድ ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ ሠሩ። ስሙ ማርኮ ካቫሎ። እውነተኛው ማርኮ የሆስፒታሉን የልብስ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ነበር። ሲያረጅ ሊታረድ ነበርና ታማሚዎቹ ደብዳቤ ጽፈው አዳኑት። የወረቀቱን ፈረስ ሆድ በምኞታቸው ሞሉት። ሊያወጡት ሲሉ በሩ አነሰ። ፈረሱን አልቆረጡትም፤ በሩን ሰበሩት። ከዚያ ታማሚ፣ ነርስ፣ ሐኪም አብረው ከፈረሱ ጋር ከተማ ወጡ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1978፣ አገሪቱ እነዚያን ሆስፒታሎች የሚዘጋ ሕግ አወጣች።

የአዊ ልጅ (እንጅባራ)

ፈረስ ካላችሁ በወረቀት አትልፉ፤ እኛ ጋ ኑ! ጥር 23 ቀን፣ በፈረሰኞች በዓላችን፣ እንጅባራ ላይ ስንት ፈረስ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። አንዱን ሰማያዊ ልብስ እናለብሰዋለን። ባለቤቱን አሳምናለሁ፣ አጎቴ ነው። ፈረሱን ማሳመን ይከብዳል።

ደግሞ በአገውኛ የሚባለውንም እንዳትረሱ። ሁሉ ነገር በአማርኛ አልተጨነቀም።

ዳግም

ሁለት ቀን አንብቤ ነው የጻፍኩት። እኔ የታመምኩት ነኝ።

ከላይ አንዱም ሰንሰለት የሚለውን ቃል አላነሳም። ያልተነሳው ስለምታፍሩ ይመስለኛል። እኔ ላንሳው። የጸበሉን ስም አልጠራም፤ አራት ወር እዚያ ታስሬያለሁ። ያሰረችኝ እናቴ ናት። እግረ ብረቱን አንዱን ጫፍ በኔ ቀኝ እግር፣ ሌላውን በራሷ ግራ እግር ላይ ነበር የምታስረው። ሌሊት ስነሳ እንድትነቃ። ገደል አለ፣ ወንዝ አለ። አንድ ጊዜ ጎትቻት ድንጋይ ላይ ወድቃለች። ቀን ቀን ሽምብራ ቆሎ ትቆጥርልኛለች። ጸበሉ በጀርባዬ ሲወርድ ብርዱ አጥንት ይገባል። እሷም አብራኝ ትገባለች፤ እሷ ምንም ሳያማት። ጠባሳው ሁለታችንም ላይ አለ። የኔ በቀኝ፣ የሷ በግራ።

አሁን በወር አንዴ መርፌ እወጋለሁ። ጸበልም እጠጣለሁ። እርሻ አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ነው ያገረሸብኝ፣ እሱም መድኃኒት ሲጠፋ።

መታሰር ልክ ነበር አልልም። ማንም ሰው አይታሰር። ግን ያንን ብረት ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ሰው የሚያየው የኔን እግር ብቻ ነው። የእናቴን እግር ማን ያየዋል? «ጨካኝ ወላጅ» ይባልና ያልፋል። ስለዚህ ብረቱን አልሰጥም። ለነገሩ እናቴ በሬ ታስርበታለች። ከፈለጋችሁ መጥቼ እናገራለሁ። እሷም ደስ ካላት ትመጣለች።

ነርሷ

ዳግም፣ ወንድሜ፣ ሰንሰለቱን ያላነሳሁት ስላላየሁ አይደለም። በየሳምንቱ አያለሁ። ለመክፈት ስንሄድ ቁልፉ የሚገኘው ሁልጊዜ እናት አንገት ላይ ነው፣ ከማተቡ ጋር። የት ብዬ እንደምጽፈው አላወቅሁም ነበር።

የእትዬ ልጅ

ብረት አይሰቀልም። እኔ በበኩሌ ተወስኗል። የታሪክ መምህራችን ግን አይስማሙም። «ያላየ ትውልድ ይረሳል፣ ይደግመዋል» ይላሉ። ቅዳሜ እናትህ ባሉበት እንነጋገርበት፣ ደስ ካላቸው።

ቡሬ ዳሞት

ተመልሼ መጣሁ። ከዳግም ጽሑፍ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሜን ጠየቅሁት። ልብ በሉ፣ ከታመመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስለ ሕመሙ ጠይቄው አላውቅም። በልተሃል? መድኃኒት ወስደሃል? ከዚያ ውጪ ጠይቄው አላውቅም። «እንዲህ ያለ ነገር እየተሰበሰበ ነው፣ አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ስሜን ይጻፉት» አለ። ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ።

አሁን ምን ልሁን? እህቶቼ አሉ። አንዷ ሽማግሌ ሊመጣላት ነው፣ ከፋሲካ በኋላ። እሱ ስሙን ይፈልጋል። እነሱ ስሙ እንዲጠፋ ይፈልጋሉ። ሁለቱም መብት አላቸው። ምክር አልጠየቅሁም፤ ምክር ያላችሁ ያዙት። ብቻ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። ጥልፍ አይችልም። እንጨት ይጠርባል።

ዘዋሸራ

እንጨት ከጠረበ ለፈረሱ ይሁና።

የአዊ ልጅ (እንጅባራ)

ፈረሱ እውነተኛ ነው ስል አልሰማችሁኝም?

የእትዬ ልጅ

የቅዳሜውን ላውራችሁ። አሥራ አራት ሰው መጣ። የዳግም እናት መጥተው ነበር። ብዙ አልተናገሩም። የቡሬውን ወንድም አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እሱ ሲጠርብ እሳቸው ፈተሉ። የመሪጌታ ልጅ ጥቅልሉን ዘርግቶ ሲያሳይ አንዲት ሴት ተነስታ ከጎኑ ቆመች። ቁመቷ ከብራናው ትንሽ ያንሳል። ማንም አልሳቀም። የሞጣዋን ቀረጻ ከፈትን። ዶሮዋ ስትጮህ ግን ሁሉም ሳቀ።

ሰንሰለት ላይ አልተስማማንም። የታሪክ መምህራችን ተቆጥተው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ቡና ሲሸታቸው።

አንድ ጥያቄ ግን መልስ አጥቷል። የእትዬ ጨርቅ ግማሽ ነው። በሩ ተጠልፏል፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው እግር የለውም። አንዳንዶቹ እንጨርሰው አሉ። አንዳንዶቹ አይነካ አሉ።

ዳግም

መርፌዋ ጨርቁ ላይ ናት ብለሽ ነበር ቅዳሜ። አሁንም አለች?

የእትዬ ልጅ

አለች። ዝጋለች። ክሩም አልተበጠሰም። ቀይ ነው።